ትንሽ አውሮፕላን ደጋ ላይ ሲያርፍ

አውሮፕላን ጎማው መሬት በሚነካበት ቅጽበት ወደ ታች የሚወርድበት ፍጥነት ከልኩ ሲያልፍ አብራሪዎች «ሃርድ ላንዲንግ» ይሉታል፤ ከባድ ማረፍ ነው። ጥቂት ሰው በሚጭኑ የግል አውሮፕላኖች ላይ ከሚደርሱት አደጋዎች በቁጥር ትልቁን ድርሻ የሚይዙት ሲያርፉ የሚያጋጥሙት ናቸው። ደግነቱ ሰው የሚሞትባቸው ጥቂቶቹ ብቻ ናቸው፤ አብዛኞቹ የፊት ጎማ ሰብረው፣ ፕሮፔለር አጣመው፣ አንዳንዴም የተሳፋሪ ወገብ ጎድተው ያልፋሉ። አደጋው ግን በየቦታው እኩል አይደለም። ከባሕር ጠረፍ አጠገብ ባለ ሜዳ ላይ ማረፍ የለመደ አብራሪ እንደ ደባርቅና ዳባት ወዳለ ደጋ ሲመጣ፣ የለመደው ዓይንና የለመደው ሞተር አብረውት አይመጡም።

ማረፉ ጥሩ ሲሆን አውሮፕላኑ በሰከንድ ግማሽ ሜትር፣ ቢበዛ አንድ ሜትር ያህል እየወረደ መሬት ይነካል፤ ተሳፋሪው የሚሰማው የጎማውን ጩኸት ነው። የአሜሪካ የአነስተኛ አውሮፕላኖች ደንብ ለረጅም ዘመን ሲጠይቅ የኖረው፣ የአውሮፕላኑ የማረፊያ እግርና የተያያዘበት አካል በሰከንድ ከ2 ሜትር ጥቂት ከፍ ብሎ እስከ 3 ሜትር በሚደርስ አወራረድ መሬት ቢመታ እንዲችለው ነው። ትክክለኛው ልክ በክብደቱና በክንፉ ስፋት ይወሰናል። በሰከንድ 3 ሜትር ሲባል ብዙ አይመስልም። ሆኖም ከአንድ ቶን በላይ የሚመዝን አውሮፕላን ወደ ግማሽ ሜትር ከሚጠጋ ከፍታ ተለቆ ሲወድቅ የሚያገኘው ፍጥነት ይኸው ነው። የምቱ ጉልበት ደግሞ ከፍጥነቱ ጋር እኩል አያድግም፤ ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ጉልበቱ አራት እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ «ጠንከር ብሎ አረፈ» ተብሎ በሚታለፈውና እግር በሚሰብረው መካከል ያለው ርቀት ጠባብ ነው።

ደባርቅ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,850 ሜትር ከፍታ ላይ ትገኛለች፤ ዳባት 2,600 ሜትር አካባቢ ናት። ከደባርቅ በስተሰሜን መሬቱ ሊማሊሞ ላይ ተሰብሮ ወደ ዛሪማ በአጭር ርቀት ከ1,000 ሜትር በላይ ይወርዳል። በምሥራቅ በኩል የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ይጀምርና ወደ ቧሂትና ወደ ራስ ደጀን ይወጣል። መደበኛ በረራ የሚያስተናግደው ቅርብ ማረፊያ ጎንደር፣ አዘዞ ያለው የአፄ ቴዎድሮስ አውሮፕላን ማረፊያ ሲሆን፣ እሱም 2,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው። በዚህ ሰማይ የሚያልፍ ባለ አንድ ሞተር አውሮፕላን ወደ ታች ቢመለከት የሚያየው ደልዳላ መሬት ሁሉ በዓለም ላይ ካሉ አብዛኞቹ ማረፊያዎች በብዙ ይበልጣል፤ የሚበልጠውም በሚያስቸግረው በኩል፣ በከፍታ ነው።

ከፍታው አየሩን ያሳሳዋል፤ ሙቀት ሲጨመርበት ይብሳል። በበጋ ከሰዓት በኋላ ደባርቅ ላይ ሙቀቱ 20 ዲግሪ ሲደርስ፣ የአየሩ ስሳት በመደበኛው ስሌት 3,700 ሜትር ገደማ ላይ ካለው አየር ጋር እኩል ይሆናል። ክንፍ የሚሸከመው በላዩና በታቹ በሚያልፈው አየር ነው፤ አየሩ ሲሳሳ ያንኑ ክብደት ለመሸከም ይበልጥ መፍጠን አለበት። ሴስና 172ን እንውሰድ፤ ከ1948 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ከ40,000 በላይ የተሠራ፣ በዓለም ላይ በብዛት የሚገኝ ባለ አራት ሰው አውሮፕላን ነው። ባሕር ጠረፍ ላይ በሰዓት 120 ኪሎ ሜትር ያህል እየበረረ ወደ ማረፊያው የሚጠጋ ከሆነ፣ በዚያ የደባርቅ ከሰዓት በኋላ ነፋስ በሌለበት መሬቱን የሚያቋርጠው በሰዓት ወደ 145 ኪሎ ሜትር በሚጠጋ ፍጥነት ነው። አምስተኛ እጅ የፍጥነት ጭማሪ ጎማውና ፍሬኑ የሚያበርዱትን ጉልበት በ45 ከመቶ ገደማ ከፍ ያደርገዋል። ለመቆም የሚፈልገው መንገድም በዚያው መጠን ይረዝማል።

እዚህ ላይ የደጋው ማረፍ ዋና ወጥመድ ይመጣል። በአብራሪው ፊት ያለው የፍጥነት መለኪያ በዚያች ሰዓትም 120 ነው የሚለው። መለኪያው የሚለካው በፊቱ የሚገፋውን የአየር ግፊት ስለሆነ፣ ክንፉን የጎዳው ስሳት እሱንም በዚያው ልክ ይነካዋል። ይህ ጉድለት ሳይሆን በረከት ነው፤ መለኪያው የሚናገረው ክንፉ የሚፈልገውን ነውና። ዓይን ግን ሌላ ታሪክ ያወራል። የገብሱ ማሳ፣ አጥሩ፣ ዛፉ ከለመደው በላይ ሲሮጥ ያያል። በዓይኑ ያመነ አብራሪ ጋዝ ይቀንሳል፣ የአውሮፕላኑን አፍንጫ ቀና ያደርጋል። መሬቱ የሚሮጥበት ፍጥነት ዝቅተኛው ሜዳ ላይ የለመደውን ሲመስለው፣ ክንፉ ከሚያስፈልገው በታች ወርዷል። አውሮፕላኑ መሸከም ያቆማል፤ «ስቶል» የሚባለው ይኸው ነው። ይህ የሆነው አሥር ሜትር ከፍታ ላይ ከሆነ መውጫ የለውም፤ አንድ ሜትር ላይ ከሆነ ደግሞ ከባዱ ማረፍ ተፈጸመ ማለት ነው። ብዙ ሰው ከባድ ማረፍን የመጨረሻዋ ሰከንድ የእጅ ስሕተት አድርጎ ያየዋል። ደጋ ላይ ግን ስሕተቱ የሚጀምረው ከዚያ አንድ ወይም ሁለት ኪሎ ሜትር ቀደም ብሎ፣ ዓይን ከመለኪያው ሲነሣ ነው።

ከዚያ በኋላ ያለው የጥቂት ሰከንዶች ጉዳይ ነው። መሬት ሊነካ ሲል አብራሪው አፍንጫውን በዝግታ ቀና አድርጎ የወረደበትን ፍጥነት ማጥፋት አለበት። ቀድሞ ቀና ካደረገ ፍጥነቱ ከፍ ብሎ ሳለ ያልቅና አውሮፕላኑ ይወድቃል፤ ዘግይቶ ካደረገ አወራረዱን ሳይሰብር መሬት ይመታል። ከተመታ ይነጥራል። የሚከፋውም ንጥረቱን ተከትሎ የሚመጣው ነው፤ የደነገጠ እጅ መሪውን ወደፊት ይገፋና የፊት ጎማው ከኋለኞቹ ቀድሞ መሬት ይነካል። የፊት ጎማ ለመምራት እንጂ ዋናውን ክብደት ተቀብሎ ለማረፍ አልተሠራም። ሁለተኛው ንጥረት ከመጀመሪያው ይከፋል፣ ሦስተኛው ከሁለተኛው፤ ብዙውን ጊዜ ሦስተኛው ላይ እግሩ ይታጠፍና ፕሮፔለሩ መሬት ይቆፍራል። መድኃኒቱ ሁለት ብቻ ነው። ንጥረቱ ትንሽ ከሆነ አፍንጫውን ባለበት ይዞ ጥቂት ጋዝ ጨምሮ እንደገና ማሳረፍ፤ ትልቅ ከሆነ ማረፉን ትቶ ተነሥቶ መዞር።

ተነሥቶ መዞር ግን ደጋ ላይ ቀላል ቃል አይደለም። ሞተር የሚተነፍሰው ያንኑ ስስ አየር ነው። 180 የፈረስ ጉልበት ያለው የሴስና 172 ሞተር በተጠቀሰው የደባርቅ ከሰዓት በኋላ የሚሰጠው 120 ያህሉን ነው። ሙሉ ጭነት ይዞ በደቂቃ የሚወጣው ከ60 ሜትር ብዙም አያልፍም፤ ለማረፍ የተዘረጋው የክንፉ ታጣፊ (ፍላፕ) ሳይሰበሰብ ደግሞ ያችኑም አይወጣም። ባሕር ጠረፍ ላይ የሠለጠነ አብራሪ ሌላም ልማድ አለው፤ ለማረፍ ሲዘጋጅ የነዳጁን ቅይጥ ሙሉ በሙሉ ያበለጽጋል። እዚህ ያንን ቢያደርግ ነዳጁ ከአየሩ በልጦ ሞተሩን ያፍነዋል፤ የቀረችውም ጉልበት በምትፈለግበት ሰዓት ትጎድላለች። የዚህ አውሮፕላን የኋለኛው ሥሪት የከፍታ ጣሪያ 4,270 ሜትር ገደማ ነው። ቧሂትም ራስ ደጀንም ከ4,400 ሜትር በላይ ናቸው። ከደባርቅ ተነሥቶ ወደ ምሥራቅ ያለ ማስተዋል የሚዞር ሴስና 172 ሊሻገረው የማይችለው ተራራ ፊት ለፊቱ አለ። ባለ ተርባይን ሞተሩ ሴስና ካራቫን ከዚህ እጅግ የተሻለ ነው፤ በኢትዮጵያ የኮንትራት በረራ የሚሠሩ ድርጅቶች እሱን መምረጣቸው ያለ ምክንያት አይደለም። ቢሆንም ክንፉ የሚያርፍበት አየር ያው ነው፣ የመሬቱም ሩጫ ያው ነው።

የገደሉ ነፋስ የራሱ ጠባይ አለው። አውሮፕላን የሚያርፈው ነፋስን ፊት ለፊት ገጥሞ ነው። በገደል አፋፍ ላይ ወዳለ ሜዳ ከቆላው በኩል የሚመጣ አብራሪ ነፋሱ ከደጋው ወደ ገደሉ የሚነፍስ ከሆነ ፊት ለፊት አገኘሁ ብሎ ደስ ይለዋል። ነገር ግን ያ ነፋስ አፋፉን ሲያልፍ ቁልቁል ይወርዳል፤ አውሮፕላኑም የሜዳውን ጠርዝ ሊረግጥ ሲል በሚሰምጥ አየር ውስጥ ይገባል። ከአፋፉ በታች ሲሆን ደግሞ ፊት ለፊት የነበረው ነፋስ ይሞትና የፍጥነት መለኪያው በአንድ ጊዜ ይወርዳል። ሊማሊሞን ቆሞ ያየ ሰው ጭጋጉ ከሥር ሲወጣና ሲመለስ አይቶ ያውቃል፤ አየሩ የሚሄድበት መንገድ ያ ነው። ፀሐይ መሬቱን ካሞቀች በኋላ ደግሞ ከታረሰው ጥቁር ማሳ ላይ አየር ይነሣል፣ ከሸለቆው ላይ ይወርዳል፤ ትንሹ አውሮፕላን በመቶ ሜትር ልዩነት ይነሣል ይሰምጣል። የደጋ አብራሪዎች ሥራቸውን ማልደው፣ ከጠዋቱ 4 ሰዓት በፊት መጨረስ የሚመርጡት አየሩ ያን ጊዜ ቀዝቃዛም ጸጥተኛም ስለሆነ ነው።

መሬቱም ዓይንን ያታልላል። ወደ ላይ የሚያዘነብል ሜዳ አብራሪውን ከልክ በላይ ከፍ ያለ ያስመስለዋል፤ ስለዚህ ይወርድና ከጠርዙ በፊት ይመታል። ጠባብ የሣር መንደርደሪያም እንዲሁ ነው። ለሰፊው አስፋልት የለመደ ዓይን ጠባቡን ሲያይ ገና ሩቅ ነኝ ይላል፤ አፍንጫውን ቀና ሳያደርግ መሬት ይደርሳል። ሰፊው ላይ ደግሞ ተቃራኒው ይሆናል፣ ቀድሞ ቀና አድርጎ ይወድቃል። አጥር የሌለው ሜዳ ላይ ከብትና እረኛ መኖሩ አይቀርም፤ ስለዚህ አንድ ጊዜ ዝቅ ብሎ አልፎ መሬቱን አይቶ፣ ከብቱን አስነሥቶ ተመልሶ ማረፍ በዓለም ዙሪያ የገጠር አብራሪዎች ወግ ነው። ጊዜና ነዳጅ የሚያባክን ይመስላል፤ ግን የሜዳውን ማዘንበልና የነፋሱን አቅጣጫ ለማወቅ ከዚህ የተሻለ መንገድ የለም።

ኢትዮጵያ ይህን ችግር የተዋወቀችው ከአውሮፕላን ጋር በአንድ ቀን ነው። በነሐሴ 1921 ዓ.ም. ከጅቡቲ የመጣው የፈረንሳይ ፖቴዝ 25 አዲስ አበባ ሲያርፍ፣ ከባሕር ጠረፍ ተነሥቶ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ነበር የቆመው። ከአንድ ዓመት ጥቂት በኋላ፣ የ1923ቱ የዘውድ በዓል ሊከበር ቀናት ሲቀሩት፣ ትሪኒዳድ ተወልዶ አሜሪካ የኖረው ሁበርት ጁልያን ለንጉሠ ነገሥቱ የመጣችውን ጂፕሲ ሞዝ የምትባል ቀላል ባለ ሁለት ሰው አውሮፕላን አዲስ አበባ ላይ ሰበራት፤ እሱ ተረፈ፣ ከአገር ግን እንዲወጣ ተደረገ። የጁልያንን ነገር ብዙዎች በእሱ ድፍረት ብቻ ያብራሩታል። ያ ዘመን ሲታወስ ግን ከመቶ የፈረስ ጉልበት ብዙም ያላለፉ ሞተሮች በአዲስ አበባ አየር ከጉልበታቸው ሩብ ያህሉን አጥተው ይሠሩ እንደነበር መዘንጋት የለበትም። ጀርመናዊው ሉድቪግ ቬበር አገር ውስጥ የተሠራችውን «ፀሐይ»ን በ1928 ሲያበርር ሞተሯ 115 የፈረስ ጉልበት ነበረው። ጣሊያን የወሰዳት ይህች አውሮፕላን በጥር 2016 ዓ.ም. ለኢትዮጵያ ተመልሳለች፤ በደጋ አየር ውስጥ በዚያች ሞተር መብረሯ ብቻውን ሊደነቅ የሚገባው ሥራ ነው።

ሞተር ሲጠፋ ደግሞ ምርጫ የለም፤ ባለው መሬት ላይ ማረፍ ነው። በዚህ በኩል የዳባትና የደባርቅ ሜዳ ከስሜን ገደል የተሻለ ዕድል ይሰጣል፣ ግን ማሳ መምረጥ ራሱን የቻለ ዕውቀት ይጠይቃል። ገብሱና ስንዴው ከታጨደ በኋላ ያለው ገለባማ ማሳ ጥሩ ነው። አዲስ የታረሰ ማሳ መጥፎ ነው፤ ከተገደዱ ግን ትልሙን ተከትሎ ማረፍ እንጂ ትልሙን ማቋረጥ አይገባም፤ የፊት ጎማው በፈሩ ውስጥ ይያዝና አውሮፕላኑ ይገለበጣል። በክረምት ዋልካ መሬት ከላይ ሲታይ አረንጓዴና ለስላሳ ነው፣ ጎማ ሲነካው ግን ይውጣል። እርከን ያለበት ማሳ በጎን የሚያቋርጡት ከሆነ በየእርከኑ ድንጋይ አለው። ቦረቦር ደግሞ ከከፍታ ላይ ጥላው እስኪታይ ድረስ አይለይም። በአማራ ክልል የዚህ ዓይነቱ ማረፍ ትልቁ ምሳሌ የደረሰው በትንሽ አውሮፕላን ላይ አይደለም። መስከረም 5 ቀን 1981 ዓ.ም. ከባሕር ዳር የተነሣ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቦይንግ 737 የርግብ መንጋ ሁለቱም ሞተሮቹ ውስጥ ገብቶ ጉልበት አጣ፤ አብራሪዎቹ ጎማ ሳይዘረጉ በሆዱ ሜዳ ላይ አሳረፉት። እሳት ተነሣ፤ ከ104 ሰዎች 35ቱ ሞቱ። ቀሪዎቹ 69 የተረፉት አውሮፕላኑ እስከ መጨረሻው በቁጥጥር ሥር ሆኖ፣ ሳይወድቅ በመውረዱ ነው። ትንሽም ሆነ ትልቅ፣ ሞተር የሌለው አውሮፕላን ፍጥነቱን ጠብቆ መሬት ከደረሰ የሰው ተስፋ አለው፤ ለመርዘም ሲል ፍጥነቱን ከጨረሰ ግን የለውም።

ከባድ ማረፍ ሰውን የሚጎዳው በአብዛኛው ወገብ ላይ ነው። ምቱ ከታች ወደ ላይ ስለሚመጣ ደረትና ወገብ የሚገናኙበት የአከርካሪ አጥንት ይደቀቃል። የተጎዳው ሰው ብዙ ጊዜ ተነሥቶ ይሄዳል፣ ሕመሙም ዘግይቶ ይመጣል። ስለዚህ ከእንዲህ ዓይነት ማረፍ በኋላ ወገቡን ያመመው ሰው እንዲራመድ ወይም በበቅሎ እንዲጫን ማድረግ አይገባም፤ ሳያጣምሙ ጠፍጣፋ ነገር ላይ አስተኝቶ ወደ ሐኪም ማድረስ ያስፈልጋል። በትከሻ የሚያልፍ ቀበቶ የታሰረ ሰው ፊቱንና ደረቱን ያድናል። የቆዩ ትንንሽ አውሮፕላኖች የወገብ ቀበቶ ብቻ አላቸው፤ ባለቤቶቻቸው ይህን ሳይለውጡ ሬዲዮና ስክሪን ሲያሳምሩ መታየታቸው የሚያሳዝን ነው።

አውሮፕላኑም እንደ ሰው ሕመሙን ይደብቃል። የሴስና 172 የፊት እግር የተያያዘው ሞተሩን ከተሳፋሪው ክፍል በሚለየው ቀጭን የብረት ግድግዳ ላይ ነው። የፊት ጎማው ከተመታ ግድግዳው ይጨማደዳል፤ ከውጭ ምንም አይታይም። ሽፋኑ ተከፍቶ ባትሪ ሲበራበት ግን ጠፍጣፋ መሆን የነበረበት ብረት ላይ ብርሃኑ ይሰባበራል። የእግር ፔዳሉ እንደ ወትሮው አልንቀሳቀስ ይላል፣ በሩ አልገጥም ይላል። በክንፉ ሥር ያሉ ሪቬቶች ከላሉ ዙሪያቸው ላይ ጥቁር ጭረት ይወጣል። ፕሮፔለሩ መሬት ከነካ፣ ቢቀና እንኳ፣ ምቱ በሞተሩ ዋና ዘንግ ውስጥ አልፏልና ሞተሩ ተፈቶ መታየት አለበት። የነዳጅ ቱቦ፣ የሞተር መያዣ፣ የጎማ ውስጥ፣ የፍሬን መስመር ሁሉ ይመረመራሉ። በአደጋ ጊዜ በ406 ሜጋ ኸርዝ ለሳተላይት ምልክት የሚያሰራጨው መሣሪያም በምቱ ራሱን አብርቶ ሊሆን ይችላል። በስሜን ሸለቆዎች ውስጥ የወደቀን አውሮፕላን ለማግኘት ከእሱ የተሻለ ነገር ስለሌለ፣ ሳያስፈልግ እንዳይጮህ ማጥፋት፣ ባትሪውንም ማረጋገጥ ግዴታ ነው።

ይህ ሁሉ ምርመራ የሚጀምረው አብራሪው «ጠንከር ብዬ አርፌአለሁ» ሲል ብቻ ነው። አብዛኞቹ ትንንሽ አውሮፕላኖች ምቱን የሚመዘግብ መሣሪያ የላቸውም፤ ምስክሩ አብራሪው ነው። ዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ሕግ የአደጋ ምርመራ ዓላማ ተጠያቂ መፈለግ ሳይሆን የሚቀጥለውን አደጋ መከላከል እንደሆነ በግልጽ ይደነግጋል፤ አብራሪ ከሐፍረት የተነሣ ዝም የሚልበት ምክንያት የለም። አውሮፕላን የሚከራዩ፣ የሚያሠለጥኑና በግል የያዙ ሁሉ ይህን አንድ ነገር ግዴታ ያድርጉት፦ ከባድ ማረፍ በደረሰበት ቀን፣ የአውሮፕላኑ ቁልፍ ለሌላ እጅ ከመሰጠቱ በፊት፣ በቴክኒክ መዝገቡ ላይ ይጻፍ።